ከባዶ ኮት ጋር የተቋጠረ ነጠላ

ማህሌት ሲሳይ የሃብሩ ተወላጅ ናት፤ ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ዓመት ነው። በሁለት መንግሥታት ስምምነት መሠረት፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል፣ በተፈረመ ውል ለቤት ሠራተኝነት ወደ አንድ የዓረብ አገር ተላከች። ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ክስ ሳይመሠረትባትና ዳኛ ፊት ሳትቀርብ በዚያ አገር የውጭ ዜጎች ማቆያ ውስጥ ተዘግቶባታል። እንድትወጣ የሚያስፈልገው የአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የመጻፍ ግዴታ ያለበት ወገን አለ። አልጻፈም። በደሉ ይህ ነው።

የአገሩ ስም እዚህ አይጠቀስም። ከተጠቀሰ አንባቢ ዓይኑን ወደዚያ ያዞራል፤ የዚያኛው ወገን ጥፋት ደግሞ ሲነገር የኖረ ነው። ሳይነገር የቀረው የዚህኛው ወገን ጥፋት ነው፤ እሱም ከእናቷ ከወይዘሮ ደብሪቱ ዓለምነህ ሕይወት ተለይቶ ሊነገር አይችልም።

ወይዘሮ ደብሪቱ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። በመርሳና በግራና መካከል ከወንዝ በሚጠለፍ ቦይ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። በቦዩ ላይም ሹመት አላቸው፤ የታችኛው መክፈቻ የውሃ አባት ናቸው። የውሃ አባት የሚባለው ገበሬዎች መርጠው የሚሾሙት፣ ውሃው በየትኛው ቀን ወደ ማን ማሳ እንደሚገባ የሚወስን ሰው ነው። ሹመቱ የባለቤታቸው የአቶ ሲሳይ ነበር። አቶ ሲሳይ ሲሞቱ ገበሬው ተሰብስቦ ሌላ ሰው ሊመርጥ ሞከረ፤ ተራውን ሁሉ በቃላቸው የያዙት ግን ደብሪቱ መሆናቸው ታወቀና ሹመቱ እዚያው ቤት ቀረ። ስሙን ወደ እናት የቀየረው ሰው አልነበረም። የላይኛው መክፈቻ የውሃ አባት አቶ አብዱሰመድ በዚያ ቀን አባት ከሆኑ ዘንድ ሁላችንንም መዳር አለባቸው ብለው ቀለዱ።

«አንቱንማ ማን ይወስድዎታል፣ አያ አብዱሰመድ» አሏቸው ደብሪቱ፤ «ጥርስዎ እንደ እኛ ቦይ የፈረሰ ነው።»

የውሃ አባት ሥራ ቀላል ሕግ አለው። ውሃ ሲጠፋ፣ ማሳ ሲደርቅ ወይም ቦይ ተጥሶ የሰው አዝመራ ሲወሰድ ስብሰባ አይጠራም፤ የማን ተራ እንደነበር ይጠየቃል። ባለተራው ይታወቃል፤ ጠርቶ ማናገር ነው። ተኝቼ ነበር ሊል ይችላል፣ ከብት ገብቶብኝ ነበር ሊል ይችላል፤ ተራው የሁላችንም ነበር ሊል ግን አይችልም። እንዲህ ብሎ የመለሰ ሰው በዚያ ቦይ ታሪክ ውስጥ የለም። ወይዘሮ ደብሪቱ የአስተዳደርን ትርጉም የተማሩት ከዚህ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ትርጉም እስካሁን ያቀረበላቸው የለም።

ሁለተኛው ትምህርታቸው የአባታቸው ነው። አቶ ዓለምነህ በንጉሡ ዘመን አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ደብሪቱ ልጅ ሳሉ ባላጋራዎች ከግራሩ ሥር ወዳለው ችሎት ሲመጡ ያዩ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ይመጣሉ። አለብህ የተባለ ሰው ልብሱ ከከሳሹ ልብስ ጋር አንዴ ከተቋጠረ ዳኛ ፊት እስኪደርስ አይፈታውም፤ የሦስት ሰዓት መንገድ ያለ ወታደርና ያለ ገመድ ይሄዳል። የሚይዘው የነጠላው ጥንካሬ አልነበረም፤ ነጠላ ሕፃንም ይተረትረዋል። የሚይዘው ነውር ነበር። ልብሱን ጥሎ የሸሸ ተረትቷል ይሉ ነበር አባታቸው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ምስክር መስማት አያስፈልግም።

በ2012 ዓ.ም. የአቶ አብዱሰመድ ልጅ ዓሪፍ በደላላ ተመርቶ በጂቡቲ በኩል ወደ ባሕር ወጣ። ጀልባዋ አልደረሰችም፤ አስከሬኑም አልተገኘም። አባትየው ያለ መቃብር ሐዘን ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ባለሥልጣናት ወደ ቀበሌው እየመጡ በሕገ ወጥ መንገድ መሄድ ሞት ነው፣ በሕጋዊ መንገድ የሄደ ግን መብቱ ይጠበቅለታል እያሉ አስተማሩ። ወይዘሮ ደብሪቱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰሙ፤ አመኑም። ሰምተው ያመኑ መሆናቸው መመዝገብ ያለበት ነው፤ ኋላ ላይ ባለማወቅ የተሳሳቱ ተደርገው ተነግሯልና።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በመርሳና በግራና አልፎ ሲሄድ ከቤታቸው እህሉም የውሃ መሳቢያ ሞተሩም አብሮ ሄደ። ማህሌት በዚያን ጊዜ በሲሪንቃ የምርምር ማሳ ላይ በቀን ሠራተኝነት አረም ታርም ነበር። ሞተሩን ለመተካት ልሂድ አለች። እናቷ በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፤ ደላላ ቤታችንን አይረግጥም። ልጅቱ ሥልጠናዋን ወልድያ ወሰደች፣ ምዘናውን አለፈች፣ የጤና ምርመራውን ጨረሰች፣ አሻራዋን ሰጠች። እናቷ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ማንበብ ተምረዋልና ውሉን በጣታቸው እየተከተሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡት። በሦስተኛው ገጽ ላይ ኤጀንሲው በውሉ ዘመን በሙሉ ለሠራተኛዋ መብት፣ ደኅንነትና ክብር ኃላፊ ነው ይላል። ይህን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ውሉ ዛሬም እጃቸው ላይ ነው። ማህሌት በሰኔ 2015 ዓ.ም. ሄደች።

በመስከረም አሠሪዋ ስልኳን ወሰደችባት፤ ፓስፖርቷን የወሰደችባት በደረሰች ቀን ነበር። በየካቲት ከተዘጋባት ቤት ሁለተኛ ፎቅ መስኮት ወርዳ ለማምለጥ ስትሞክር ወደቀች፤ ግራ ክንዷ ተሰበረ። አሠሪዋ ጠፍታለች ብላ አስመዘገበቻት። የዚያ አገር ሕግ ጠፍታለች የተባለችን ሠራተኛ ከሕመም አልጋ ወደ ማቆያ ይወስዳል፤ አሠሪዋ ምዝገባውን ካላነሣች ወይም የራሷ አገር በውል የሄደች ሕጋዊ ሠራተኛ መሆኗን በጽሑፍ አረጋግጦ ካልተከራከረላት አትወጣም።

ወሬው ለእናቷ ከደረሰ በኋላ ያለው የመንገድ ታሪክ ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ ከመርሳ በሚኒባስ እየተሳፈሩ ወልድያ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሱ። ኤጀንሲው ጠፍታለች የተባለች ሠራተኛ ከእኛ እጅ ወጥታለች አለ። ውሉን አሳዩ። ውሉ የሚመለከተው እዚያ ያለውን አጋር ኤጀንሲ ነው ተባሉ። አንደኛው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ወደ ሁለተኛው ላካቸው፤ ሁለተኛው ጉዳዩ ከእኛ በላይ ነው አለ፤ ከበላይ ያለው በስልክ ኤጀንሲው ደብዳቤ ይጻፍ አለ፤ ኤጀንሲው ከበላይ ትእዛዝ ይምጣልኝ አለ። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ቀጠሮ ያልፍባቸውና አላከበሩም ተብሎ ከመጀመሪያው እንዲጀምሩ ይደረግ ነበር። የሰደባቸው አልነበረም። ሁሉም እናቴ እያሉ ወንበር ይስቡላቸው ነበር።

በስድስተኛው ጉዞ ላይ ሚኒባሱ በሲሪንቃ የምርምር ማሳ አጠገብ ቆመ። በየመደቡ ራስ ላይ ትናንሽ ሰሌዳዎች ተተክለዋል። ወይዘሮ ደብሪቱ ልጃቸው ስታርመው የነበረውን ማሳ በመስኮት እያዩ አነበቡ፤ የማሽላው ዓይነት፣ የተዘራበት ቀን፣ የኃላፊው ስም። አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው ማሽላው እንኳ ባለቤት አለው አሉት። ሰውየው የመሬት ክርክር ያለባቸው መስሎት አጽናናቸው።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሊዲያ የምትባል የደሴ ልጅ ከተመላሾች ጋር መጣች። ከማህሌት ጋር በአንድ ክፍል ዘጠኝ ወር ታስራለች። መርሳ ላይ ወርዳ የውሃ አባት ደብሪቱን ብላ ጠየቀች፤ የመጀመሪያው የባጃጅ ሹፌር ቤታቸው ድረስ አደረሳት። በክፍሉ ከአርባ በላይ ሴቶች እንዳሉ፣ የማህሌት ክንድ ተጣሞ እንደገጠመና አሁን ጣቶቿ ዕቃ እንደማይዙ፣ በክረምቱ ደም ያስላት እንደጀመረ ተናገረች። እሷ ራሷ የወጣችው የላካት ኤጀንሲ አንድ ደብዳቤ ስለጻፈላት ብቻ ነው። አንድ ገጽ ናት አለች፤ ማኅተም፣ ፊርማ፣ ስም።

«ማህሌት ምን በያት አለች?» ሲሉ ጠየቁ ወይዘሮ ደብሪቱ።

«የማን ተራ እንደሆነ ጠይቂልኝ በያት ነው ያለችኝ። እኔ አልገባኝም፣ እማማ። እናቴ ይገባታል አለች።»

በጥር 2017 ዓ.ም. ወልድያ በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ ስለ ፍልሰት አስተዳደርና ስለ ፍልሰተኞች ሰብዓዊ መብት ጥበቃ የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት ተካሄደ። አዘጋጆቹ የተጎጂ ቤተሰብ ተወካይ ለሦስት ደቂቃ እንዲናገር ስለፈለጉ ወይዘሮ ደብሪቱ ተጠሩ። ተሰብሳቢው አርባ ያህል ነበር። ዋናውን ጽሑፍ ያቀረቡት አቶ ዳዊት የሚባሉ፣ የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ባለሙያና የተቋማቱ የጋራ መድረክ አስተባባሪ ናቸው። መንግሥታት የተቀበሉትን የፍልሰት ስምምነት ሃያ ሦስት ዓላማዎች በየተራ አነበቡ። ሰነዱ ራሱን በሕግ አስገዳጅ አይደለሁም ብሎ የሚያስተዋውቅበት ዐረፍተ ነገርም አለው፤ ያ አልተነበበም። ቀጥሎ የመብት ጥበቃውን ሥርዓት የሚያሳይ ሥዕል በግድግዳው ላይ በራ። አሥራ አራት ሳጥኖች ነበሩ። ከእያንዳንዱ ሳጥን ቢያንስ ሁለት ቀስት ይወጣል። ቀስት የማይወጣበት፣ ነገሩ ደርሶ የሚያልቅበት ሳጥን አልነበረም።

ወይዘሮ ደብሪቱ የተሰጣቸውን ሦስት ደቂቃ አልጨረሱትም። የልጃቸውን ስምና የታሰረችበትን ወር ተናገሩና ጠየቁ።

«ልጄ የጠፋችው በማን ተራ ነው?»

አቶ ዳዊት ጥያቄው እጅግ መሠረታዊ መሆኑን ገለጹ። ፍልሰት አንድ ተቋም ብቻውን የሚሸከመው እንዳልሆነ፣ ቅንጅት እንደሚያስፈልግ አስረዱ። ከዚያም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በእርጋታ ተናገሩ።

«እናቴ፣ ኃላፊነቱ የሁላችንም ነው። እኔም አለብኝ።»

ለአዳራሹ ይህ የተለመደ መዝጊያ ነው። የአጥቢያ ዳኛ ልጅ ግን የሰሙት ሌላ ነው። ከአሥራ አንድ ጉዞ በኋላ፣ በአርባ ሰው ፊት፣ ሳይገደድ አለብኝ ያለ ሰው ተገኘ። በአባታቸው ችሎት ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ የሚቀር ሥራ አንድ ብቻ ነበር። ተነሡ፤ ወደ መድረኩ ሄዱ፤ የነጠላቸውን ጫፍ በአቶ ዳዊት ኮት የቁልፍ ቀዳዳ አሾልከው ሁለት ጊዜ ቋጠሩት።

አዳራሹ አጨበጨበ። ባህላዊ የምስጋና ሥርዓት መስሏቸው ነበር። ፎቶ አንሺው ጠጋ ብሎ ሦስት ጊዜ አነሣቸው። አቶ ዳዊት እንደ መሳቀቅ ብለው ጎንበስ አሉ።

«አመሰግናለሁ፣ እናቴ። ትልቅ ክብር ነው።»

«አታመስግነኝ፣ ልጄ። አለብኝ ብለሃል። በል ዳኛ ፊት እንሂድ፤ ሩቅ አይደለም፣ በእግር ያደርሳል።»

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ወይዘሮ ደብሪቱ አልሳቁም። የመድረኩ መሪ እማማ ይፍቱት እንጂ ሲሉ እኔ አልፈታም፣ እሱም አይፈታም፣ የሚፈታው ዳኛ ነው ብለው በትሕትና መለሱ። አቶ ዳዊት ስለ አሠራሩ ማስረዳት ጀመሩ፤ የግል ኃላፊነት ማለታቸው እንዳልነበረ፣ ቃሉ ተቋማዊ መንፈሱን የሚገልጽ እንደሆነ። ወይዘሮ ደብሪቱ አላቋረጧቸውም። ሲጨርሱ ጠየቋቸው።

«አለብኝ ብለሃል ወይስ አላልክም?»

ሰባት ደቂቃ ያህል በዚህ ሁኔታ ቆሙ። ምሳ ቀርቦ ነበር። አቶ ዳዊት አንዱን እጃቸውን ከኮቱ አወጡ፤ ቀጥሎ ሌላውን አወጡ፤ ኮቱን ቀስ ብለው በሴትዮዋ ክንድ ላይ አኖሩና ወደ ምግብ አዳራሹ ሄዱ። በትሕትና ነው ያደረጉት። የሚይዛቸው ነውር አልነበረም።

ወይዘሮ ደብሪቱ ከባዶ ኮት ጋር ተቋጥረው ቀሩ። አልፈቱትም፤ መፍታት የእርሳቸው ሥልጣን አይደለም። ኮቱን አቅፈው በወልድያ ጎዳና በቀትር ፀሐይ ወደ አንድ ፍርድ ቤት ሄዱና መዝገብ ቤት ገቡ። ተረኛዋ ሠራተኛ ተከሳሹ ማን እንደሆነ ጠየቀች።

«ይኸው።»

«እማማ፣ ኮት አይከሰስም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ጥሎት ነው የሸሸው። ልብሱን ጥሎ የሸሸ ተረትቷል፤ አንቺ ብቻ ጻፊው።»

ሠራተኛዋ አልጻፈችም። በሕግ የተዘጋጀ የክስ ማመልከቻ፣ የተከሳሽ ሙሉ አድራሻና የማስረጃ ዝርዝር እንደሚያስፈልግ በደግነት ነገረቻቸው። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳሉ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ከሆቴሉ ኮት ተወስዷል የሚል አቤቱታ ደርሷቸዋል። በኮቱ ኪስ የስብሰባው መታወቂያና ሥዕሉ ያለበት ፍላሽ ነበሩ። ቋጠሮውን የፈታው ፖሊስ ነው፤ ዳኛ አይደለም።

ኤጀንሲ፣ ሦስት ጽሕፈት ቤቶችና አንድ የጋራ መድረክ በአሥር ወር ውስጥ ያልከፈቱት መዝገብ በዚያ ከሰዓት በኋላ በሃያ ደቂቃ ተከፈተ። መዝገቡ የተከፈተው ማህሌትን ባሰሩት ላይ አይደለም፤ ውሉን ባፈረሱት ላይም አይደለም። የሰው ንብረት ያለ ፈቃድ ይዞ በመሄድ ተጠርጥረው ወይዘሮ ደብሪቱ ዓለምነህ ቃል ሰጡ። ለመለቀቅ ዋስ ያስፈልግ ነበር። ለአቶ አብዱሰመድ ተደወለ፤ ከመርሳ ደረሱ። መርማሪው ለኚህ ሴት ኃላፊነት የሚወስድ ማን ነው ሲል እኔ ብለው መታወቂያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ይህን ቃል ተናግሮ ሳይሸሽ የቆመ ሌላ ሰው አላገኘሁም። ከጣቢያው ሲወጡ በማስረጃነት የተያዘውን ኮት በዓይናቸው ለኩና ወደ ደብሪቱ ዞሩ።

«ደብሬ፣ ወላሂ አሳፈርሽን። ሰርቀሽ ሰርቀሽ በልኬ እንኳ አይሆን?»

«ሰውየውን ነበር የፈለግሁት፣ አያ አብዱሰመድ። ኮቱን ሰጡኝ።»

ሚኒባስ ተሳፍረው በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳ ተመለሱ።

በዚህ ታሪክ ላይ ሁለት ነገር ይባላል። አንደኛው ወይዘሮ ደብሪቱ ዘመኑ ያለፈበት ወግ ይዘው በመነሣታቸው ተሳሳቱ የሚል ነው። ስሕተቱ ምን እንደሆነ በትክክል ይነገር። በአደባባይ አለብኝ ያለ ሰው አለብኝ ማለቱ ነው ብለው አመኑ። ሌላ ስሕተት አልሠሩም። ይህን እምነት ስሕተት የሚያደርግ ሥርዓት ራሱን የመብት ጥበቃ ብሎ መጥራቱን በምን እንደሚያጸድቅ የሚያስረዳ ሰው ካለ ያስረዳ። ሁለተኛው አቶ ዳዊት ክፉ ሰው አይደሉም የሚል ነው። እውነት ነው፤ አይደሉም። ኮታቸው ተመልሶላቸው ነገሩ እንዲቀር እንደሚፈልጉ በባልደረባ በኩል አስተላልፈዋል። ግን ይህንኑ ቀርበው እንዲያረጋግጡ ሲጠሩ አልመጡም፤ ነዋሪነታቸው አዲስ አበባ ነው፤ መዝገቡም ስላልተዘጋ አራት ጊዜ ተቀጥሯል። ወይዘሮ ደብሪቱ አራቱንም ቀን ቀርበዋል። ክፉ ሰው ሳይኖርበት የሚፈጸም በደል በማን ስም እንደሚመዘገብ የሚናገር ሳጥን በዚያ ሥዕል ላይ የለም።

የድርጅቱ ዓመታዊ ሪፖርት በሰኔ ወጣ። በአንዱ ገጽ ላይ ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን ሲቋጥሩ የሚያሳይ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ አለ። ከሥሩ፦ «የፍልሰተኛ ቤተሰብ የሆኑ እናት ምስጋናቸውን በባህላዊ መንገድ ሲገልጹ» ተብሎ ተጽፏል። ስማቸው አልተጠቀሰም። የልጃቸውም አልተጠቀሰም። ማህሌት ሲሳይ የሚለው ስም እስከ ዛሬ በፍትሕ አካል መዝገብ ላይ የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እናቷ በተጠርጣሪነት በሰጡት ቃል ውስጥ።

ይህ ሲጻፍ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ነው። የወይዘሮ ደብሪቱ መዝገብ ለአምስተኛ ጊዜ ተቀጥሯል። የውሉ ዘመን በሰኔ ስላበቃ ኤጀንሲው አሁን ጉዳዩ በጭራሽ አይመለከተኝም ብሏል። ደብዳቤው አልተጻፈም። ማህሌት አልወጣችም።